አዴ ሩቂያ ያልጠረጠሩት ኪኒን

አዴ ሩቂያ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ሉባባ ናት። እኔ ከሮቤ ለቅቄ ባለቤቴ ወደተዛወረበት ወደ ሻሸመኔ ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሉባባ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማዬን ዛሬ ቀበርናት» አለችኝ።

«በምን? ምን አገኛቸው?» አልኳት።

«በእርጅና ነው ይላሉ» አለች። «እሷ ብትሰማ ግን አታምንም ነበር።»

እያለቀስን ሁለታችንም ሳቅን። እውነቷን ነው። አዴ ሩቂያ እንዲህ በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

የተዋወቅነው በሮቤ መምህርት ሆኜ ተመድቤ፣ ከግቢያቸው አንዱን ክፍል ልከራይ የሄድኩ ዕለት ነው። በሩን ገርበብ አድርገው በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ «የት አገር ነሽ?» አሉኝ። የጎባ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ጎባ ቤት ጠፍቶ ነው ሮቤ የመጣሽው?»

«ሥራዬ እዚህ ነው፣ አዴ።»

«ባልሽስ?»

«ደሎ መና ነው የሚሠራው።»

«ማል? ምን አልሽ? ባል ደሎ መና፣ ሚስት ሮቤ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ዘበኛውን ሲያነጋግሩ አየኋቸው። እውነት አስተማሪ መሆኔን ሊያጣሩ መጥተው ነው። ሲያዩኝ አላፈሩም። «ደህና ነው፣ ግቢ» ብለውኝ ሄዱ።

ኑሯቸው ቅቤና ማር መነገድ ነበር። ማሩ ከሪራ፣ ቅቤው ከየገጠሩ ይመጣላቸዋል። ባላገሯ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ስታቀርብላቸው አዴ ሩቂያ መጀመሪያ የሚያዩት ሴትዮዋን ነው፤ ዓይኗን፣ ከዚያ እጇን። ቀጥለው ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰድደው ያወጡና ያሸታሉ፤ በጣታቸው አሽተው ይቀምሳሉ። «ከላይ ቅቤ፣ ከታች ሙዝ የሆነ ዘመን ነው» ይላሉ። ዝናብ ይዘንባል ሲባል ሰማዩን፣ ዋጋ ቀነሰ ሲባል ተናጋሪውን ይጠረጥራሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይጠፋም።

ክፉ ግን አልነበሩም። የታመምኩ ቀን ትኩስ ገንፎ በቅቤ አርገው ከነማንኪያው ይዘው ይመጡና እስክጨርስ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ያም ቢሆን ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም፤ ከሄዱ ለድመት የምሰጠው ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ከጤና ጣቢያ የደም ማነስ ኪኒን ተሰጠኝ፤ ብረት ያለበት ቀይ ኪኒን ነው። መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ተሠቃየሁ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፣ አፌ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል ብረት ብረት ይለኛል። ሆዴ ደረቀ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ ሰገራዬ እንደ ከሰል መጥቆሩ ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ግን አንድ ነበር። አዴ ሩቂያ አንድ ጠዋት ሳቃስት መስማታቸውን ነገሩኝና አፋጠጡኝ።

ኪኒኑን አሳየኋቸው። አንዱን ተቀብለው አሸተቱት፤ በነጠላቸው ጫፍ አሹት። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ውሃው ቀላ።

«ነይ እይ!» ብለው ጠሩኝ። «ቀለም ነው! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀለም ነው የሚያበሉሽ።»

የላይኛው ሽፋን መሆኑን ባስረዳቸውም አልሰሙኝም። «ከላይ ቀይ ሆኖ ከሆድሽ ጥቁር ሆኖ የሚወጣ ነገር ምን ጤና አለው?» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ኪኒኑ ለእሳቸውም መጣ። ከገበያ ሲመለሱ ሁለት ቦታ ማረፍ ጀመሩ፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ከንፈራቸው ገርጥቷል። ሉባባ ለምናም ተቆጥታም ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። እኔም ክትትል ስለነበረኝ አብሬ ሄድኩ። ደማቸው ተመረመረ፤ በጣም አንሷል ተባለ። ነርሷ ያንኑ ቀይ ኪኒን አወጣች።

አዴ ሩቂያ ወደ እኔ አዩ። «ያ ነው?»

«ያው ነው» አልኳቸው።

«ሲስተር፣ ይሄ ብረት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ደም የሚሠራው ከብረት ነው።»

«ብረት ይዝጋል። ሆዴ ውስጥ ቢዝግስ?»

ነርሷ ወጣት ናት፤ ግን አልሳቀችባቸውም። ወንበሯን አቅርባ ለሁለታችንም ታስረዳን ጀመር። ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ይበልጥ እንደሚሠራ፣ ካቅለሸለሸ ግን ትንሽ ምግብ ቀምሶ ወይም ማታ ከመተኛት በፊት መዋጥ እንደሚቻል ነገረችን። «ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ጋር ግን አያገናኙት፤ እነሱ ብረቱን ይዘው ደም ውስጥ እንዳይገባ ያደርጉታል። አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቁት። በውሃ፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ካገኛችሁ ደግሞ በእሱ ዋጡት። ለሆድ ድርቀቱ ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ ገብስ ብሉ፤ ተንቀሳቀሱ። ሰገራ ይጠቁራል፤ ከኪኒኑ ነው፣ አትደንግጡ። ሲያቆሙት በጥቂት ቀናት ወደነበረበት ይመለሳል። ካስቸገራችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ኑና መጠኑን ወይም አወሳሰዱን እንለውጣለን፤ ቀን እየዘለሉ መውሰድም አለ። ሕፃናት እንዳያገኙት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ለሕፃን መርዝ ነው።»

አዴ ሩቂያ ከዚህ ሁሉ የሰሙት ሁለት ቃል ነው። በመንገድ ላይ፣ «መርዝ ነው አለች፣ ሰምተሻል?» አሉኝ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ «ሻይ በወተቴን ልታስተወኝ ነው» አሉ።

እኔ የተባልኩትን አደረግሁ። ማታ እራቴን በልቼ መዋጥ ስጀምር ማቅለሽለሹ ቀለለኝ። የምወደውን ሻይ ወደ ቀትር ገፋሁት፤ ውሃ አበዛሁ፤ ሆዴም ቀስ በቀስ ተፈታ። አዴ ሩቂያ በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ተሻለሽ?» ይላሉ። «ተሻለኝ» ስላቸው ፊቴን ያጠናሉ፤ ኪኒኑን እንዲውጡ ላታልላቸው ከነርሷ ጋር የተማከርኩ ይመስል። በመጨረሻ እሳቸውም ጀመሩ። ሰገራቸውም ጠቆረ፤ እንደተነገራቸው ነው ብለው አለፉት።

ወራት አለፉ። የእኔ ደም ከፍ አለ። የእሳቸው ግን ፈቅ አላለም። እንዲያውም ገርጥተው ገርጥተው ፊታቸው የሰም መልክ ያዘ። ሉባባ፣ «ኪኒኑን ደብቀሽ እየጣልሽው ነው» ብላ ትጨቃጨቃቸዋለች። እኔም በልቤ እንደዚያ ጠርጥሬያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገቡና በሩን ዘጉ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ያንን ኪኒን ስትውጪ ይጠቁራል አይደል?»

«ይጠቁራል፣ አዴ። ነርሷ ነግራናለች እኮ።»

«ያልዋጠ ሰውስ?»

«ያልዋጠማ አይጠቁርም።»

«እኔ ትቼዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለአረፋ እንግዳ ሲበዛብኝ ተውኩት፤ ከዚያ በኋላም አንድ አልዋጥኩም። ሲጠራ አይቼ መርዝ መሆኑን ለሉባባ ላሳያት ብዬ ነበር። አልጠራም። እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። ስለዚህ ከኪኒኑ አይደለም።»

አረፋ ካለፈ ብዙ ሳምንት ሆኖታል።

«ለሉባባ ነገሯት?»

«ነገርኳት። ሳቀች። ‹አንቺ የማትጠረጥሪው ነገር የለም› አለችኝ። ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ፣ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።»

እያፈርኩ ምን እንደሚመስል ጠየቅኳቸው። የእኔ ጠጣርና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው። የእሳቸው እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅና የሚጣበቅ፣ ሽታውም የተለየ እንደሆነ ነገሩኝ። ሊነሱ ሲሉ ግድግዳውን ያዙ። ዓይናቸው ጨለመባቸው።

ሉባባን ከምትሠራበት ሱቅ ጠርቼ በሚኒባስ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሁሉ አዴ ሩቂያ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ነበር፤ ያም ሆኖ ሾፌሩ ለምን እንደሚያዘግም ጠየቁ። ሉባባ እጃቸውን አልለቀቀችም።

ሆስፒታል ውስጥ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። የዓይናቸውን ቆብ ገለበጠ፣ ሆዳቸውን ነካካ፣ ጥቁሩን ነገር ሰማ። ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ይሄ የደም ምልክት ነው። ጨጓራዎ ውስጥ ደም ሲፈስ እታች እስኪደርስ ይጠቁራል። ኪኒኑን እየዋጡ ቢሆን ኖሮ ማንም ከኪኒኑ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለራስ ምታት? ለወገብ? ለጉልበት?»

«የለም አልኩህ። እኔ መድኃኒት አላምንም።»

ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ። ሉባባ ትከሻዋን ሰበቀች። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቤቱን ስከራይ አዴ ሩቂያ ከሰላት ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው «ያ አላህ» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው እኔ ክፍል ይሰማል። ከጊዜ በኋላ ያ ማቃሰት ጠፋ። እንደ ልጃገረድ ሰግደው ይነሱ ጀመር። የተሻላቸው መስሎኝ አልጠየቅኩም ነበር።

ጎንበስ ብዬ፣ «አዴ፣ ጉልበትዎን ምን አሻለልዎት?» አልኳቸው።

አዩኝ። የመጀመሪያ ቀን በበሩ ክፍተት ያዩኝ አስተያየት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። በላስቲክ የተጠቀለሉ ትናንሽ ኪኒኖች ወጡ፤ ስም የለባቸው፣ ማሸጊያ የላቸው።

«ይሄ መድኃኒት አይደለም» አሉ። «ይሄ የወንድሜ ነው።»

ወንድማቸው ሐጂ አማን ጎሮ ይኖራሉ። እናታቸው ስትሞት ሐጂ አማን ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው እኚህ እህታቸው ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ አዴ ሩቂያ የማይጠረጥሩት አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ሐጂ አማንም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ከጎሮ ገበያ፣ ከምላጭና ከባትሪ ጋር ላስቲክ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ኪኒኑን ገዝተው ተሻላቸው። ለእህታቸውም ላኩ። ሲያልቅ ደግሞ ላኩ። ቅቤ ሳይወጉ የማይገዙት ሴትዮ ያንን ኪኒን በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜም በባዶ ሆድ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳያሸትቱ ውጠውታል።

ሐኪሙ ኪኒኖቹን አገላብጦ አያቸው። «በእርግጠኝነት ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ የሕመም ማስታገሻ ይመስሉኛል። እንዲህ ያለው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል።»

«ወንድሜ ሊገድለኝ ነው የምትለው?» አሉ አዴ ሩቂያ። ከአልጋው ሊወርዱ ተነሡ፤ አልቻሉም፤ ተመልሰው ወደቁ። ያን ጊዜ ነው ሉባባ ጮኻ ያለቀሰችው።

ደም ተሰጣቸው። ቀናት ተኝተው የጨጓራ መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ያኛው ኪኒን ተጣለ። ሬንጅ የመሰለው ነገር ቆመ። ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙ ያንን ቀይ ኪኒን እንደገና አዘዘላቸው፤ የፈሰሰው ደም መተካት አለበት።

«እሺ፣ እውጣለሁ» አሉ አዴ ሩቂያ። «ግን ይሄ እንደገና ያጠቁረኛል። የትኛው ጥቁር የኪኒኑ፣ የትኛው የደሙ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን የጠየቀኝ በሽተኛ የለም» አለ። ከዚያ አዴ ሩቂያ ለእኔ ነግረውኝ የነበረውን ልዩነት አስረዳቸው፤ የሚጣበቅ፣ የሚያብረቀርቅና የሚከረፋ ከሆነ፣ ወይም ራስ ካዞራቸው፣ ልባቸው በኃይል ከመታ፣ ደም ካስመለሳቸው በዚያው ቀን እንዲመጡ። ይህ ሁሉ ባይኖርም ደማቸው በየጊዜው እንዲለካ። «ደሙ ከፍ ካለ እየሠራ ነው። ካላለ ግን ዝም አይበሉ፤ እኛንም ቢሆን ይጠርጥሩን።»

«እሱን አትንገረኝ» አሉት።

ቤት ከገቡ በኋላ ኪኒኑን ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሰው በሎሚ ውሃ ይውጡ ጀመር። ሻይ በወተቱን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወሩት፤ ለዚህም ነርሷን አንድ ሳምንት ረገሙ። ሆዳቸው ሲደርቅ የገብስ ቅንጬ እያደረጉ በሉ፤ ድርቀቱ አልለቅ ሲላቸው ዝም ብለው ከመተው ይልቅ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ተናገሩ። ቀን እየዘለሉ እንዲወስዱ ተደረገ፤ ተስማማቸው። ጉልበታቸው ግን ተመልሶ ታመመ። የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብዙ ቆዩ። «ግንባሬን መሬት ላይ ማድረግ ናፈቀኝ» አሉኝ።

ለወንድማቸው ግን አልነገሩም። ሐጂ አማን ሊጠይቁ ሲደውሉ፣ «የጨጓራ ነገር ነው፣ አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ» ይሏቸዋል። ሉባባ ልትናገር ስትል በዓይናቸው ያስቆሟታል። «እናት ሆኜ ያሳደግሁት ልጅ እጄ መርዟታል ብሎ ይኑር?» አሉን።

«እሳቸውስ? አሁንም እየዋጡ ነው እኮ» አልኳቸው እኔ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። «ተነሺ፣ ዛሬ የጎሮ ገበያ ነው» አሉ።

ሆዴ ገፍቶ ነበርና ሉባባ ተቆጣች፤ እኔ ግን ሄድኩ። ብቻቸውን ቢሄዱ ሳይነግሯቸው እንዳይመለሱ ሰግቼ ነው። ሐጂ አማን ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ትልቅ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ እህታቸውን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ሕፃን በራ። ሊነሱ ሲሉ የዛፉን ግንድ ያዙ።

አዴ ሩቂያ ያንን አዩ። የቀረበላቸውን ወተት እንኳን አልነኩም።

«አማን፣ ያንን ኪኒን ዛሬም ትውጣለህ?»

«እውጣለሁ። ምነው፣ አልቆብሻል?»

«ገድሎኝ ነበር» አሏቸው። «ሆዴን አቁስሎ ደሜን አፈሰሰው። ጎባ የተኛሁት ለዚህ ነው።»

ሐጂ አማን ፊታቸው ተቀየረ። ከዚያ በቁጣ፣ «እኔን ጠረጠርሽ?» አሉ። «አገሩን ሁሉ ትጠረጥሪያለሽ፤ እኔን ግን?»

«አንተን አልጠረጠርኩህም። እዳዬ እሱ ነው። አንተን ብዬ ያንን ነገር ሳላሸት ዋጥኩ።»

«እኔ ከአንቺ በፊት ጀምሬ እውጣለሁ። ምን ሆንኩ? ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

«ቁጭ ብለሃል፤ ስትነሣስ?» አሉ አዴ ሩቂያ። ወንበራቸውን ወደ ወንድማቸው አስጠጉ። እኔ መኖሬን ረስተው፣ ወይም እንዳልሰማ ፈልገው፣ በኦሮምኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቋቸው። ኦሮምኛ አፍ የፈታሁበት ባይሆንም ጎባ ተወልጄ ይህ አይጠፋኝም። የሰገራቸውን ቀለም ነበር የጠየቁት።

ሐጂ አማን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሚስታቸው ከበሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። እህታቸው ግን አልለቀቋቸውም፤ በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«ንገረኝ። እኔ ነኝ ያዘልኩህ፤ ከእኔ ምን ታፍራለህ?»

«ጥቁር ነው» አሉ ሐጂ አማን። «ከጠቆረ ቆይቷል። የእርጅና መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።»

አዴ ሩቂያ ተነሡ። ጓዳ ገብተው ወንድማቸው ኪኒኑን የሚያስቀምጡበትን ጣሳ ራሳቸው ፈልገው አገኙ፤ ለሐኪሙ የሚያሳዩትን አንድ ብቻ አስቀርተው የቀረውን ሽንት ቤት ደፉት። ከዚያ የሐጂ አማንን ሚስት ጋቢውን እንድታመጣ፣ እኔን መኪና እንዳስቆም አዘዙን። ሐጂ አማን፣ «የገበያው ቀን ይለፍ፣ ነገ እንሄዳለን» ቢሉ አልሰሟቸውም። አውራ መንገዱ ላይ ሚኒባስ ስትቆምልን አዴ ሩቂያ ወንድማቸውን ወገባቸውን ደግፈው አስገቡ፤ እሳቸውም አጠገባቸው ገቡ። ሾፌሩ ሮቤ ላይ እንወርድ እንደሆነ ሲጠይቀን፣ «ጎባ» አሉት። «ቶሎ ንዳ።»